ኤምአርአይ ያላየው ዕጢ፦ ከአንጎል ሥር ደም ከመቀዳታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ኩሺንግ (ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከልክ በላይ የሚበዛበት በሽታ) ተጠርጥሮባችሁ፣ ወይም ተረጋግጦባችሁ፣ "በብሽሽትሽ ገብተን ከአንጎልሽ ሥር ደም እንቀዳለን" ለተባላችሁ ሰዎች ነው። ምርመራው ኢንፌሪየር ፔትሮሳል ሳይነስ ሳምፕሊንግ ይባላል። ስሙ ራሱ ያስፈራል። እኔ አልፌበታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከምርመራው ይልቅ እሱ ጋ እስክደርስ ያለው ነው ያንገላታኝ። በአንዲት የተበላሸች የደም ናሙና ምክንያት ምንም ያላጠፋ አካሌ ተቆርጦ ሊወጣ ነበር፣ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ሲጀምር ፊቴ ሞላ። ሰዉ "ተመችቶሻል" ይለኝ ነበር። ሆዴ እየገፋ፣ እጅና እግሬ ግን እየቀጠነ ሄደ። ከማጅራቴ በታች ጉብ ያለ ሥጋ ወጣ። ሆዴና ጭኔ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ የጣት ስፋት ያለው ሸንተረር ተሰመረ። ትንሽ ነገር ገጨት ካደረገኝ ይበልዛል። ከዝቅ ያለ ወንበር ስነሳ በሁለት እጄ ካልተደገፍኩ አልችልም። እንቅልፍ የለም። የወር አበባዬ ጠፋ። ግፊት መጣ፣ ስኳር ተከተለ። ለእያንዳንዱ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ መድኃኒት ነበረኝ። ሁሉም የየራሱን ድርሻ በደንብ ያክማል፣ አንድ ላይ አድርጎ ያየው ግን አልነበረም።

የቆየ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። የምሬን ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት የተነሳሁትን ፎቶ ከፊቴ አጠገብ ይዤ ያሳየኋት ወጣት ሐኪም ናት ለመጀመሪያ ጊዜ "ኮርቲሶልሽን እንለካ" ያለችኝ። ወፍራም ሴት መስዬ ስገባ ያልታየው ነገር፣ ሌላ ሰው የሆንኩ መሆኔ በፎቶ ሲታይ ወዲያው ታየ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ በሽታ በቅደም ተከተል የሚመለሱ ሦስት ጥያቄዎች አሉት። አንደኛ፣ ኮርቲሶል በእርግጥ በዝቷል ወይ? ሁለተኛ፣ የሚያበዛው ኤሲቲኤች የሚባለው አዛዥ ሆርሞን ነው ወይስ ኩላሊት አናት ላይ ያሉት አድሬናሎች በራሳቸው ፈቃድ ነው የሚያመርቱት? ሦስተኛ፣ ኤሲቲኤች ከሆነ ከየት ነው የሚመጣው፣ አንጎል ሥር ካለችው ከፒቱታሪ ወይስ ከሌላ ቦታ? ሁለተኛው ሳይመለስ ሦስተኛው አይጠየቅም። ብዙ ሰው የሚጎዳው ቅደም ተከተሉ ሲዘለል ነው። ሐኪም ሲቸኩል፣ እኛም ስንቸኩል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የተለመዱት ምርመራዎች ሦስት ናቸው። የእኩለ ሌሊት ምራቅ፣ የ24 ሰዓት ሽንት፣ እና 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታሰን (ኮርቲሶልን የመሰለ ክኒን) ከሌሊቱ 5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ተውጦ በማግስቱ ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ደም የሚወሰድበት። ጤነኛ ሰው ላይ ክኒኑ ኮርቲሶልን ከ1.8 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ያወርደዋል። የእኔ 14 ነበር። ምራቁም ሽንቱም ከአንድ ጊዜ በላይ ነው የሚደገሙት፣ "አንዴ ሰጥቻለሁ" ብላችሁ አትከራከሩ።

እዚህ ላይ ውጤት የሚያበላሹ ነገሮችን ልብ በሉ። ኢስትሮጅን ያለው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን በደም የሚለካውን ኮርቲሶል ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ከምርመራው በፊት ለሳምንታት ማቆም ሊያስፈልግ ስለሚችል ቀድማችሁ ንገሯቸው። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ዴክሳሜታሰኑን ከሰውነት ቶሎ ስለሚያስወጡት ምርመራው በሐሰት "አለብሽ" ሊል ይችላል። የስቴሮይድ ቅባት፣ የአስም መተንፈሻ፣ መገጣጠሚያ ላይ የተወጋችሁት መርፌ፣ ቆዳ ያቀላል ተብሎ የሚሸጥ ክሬም፣ አንዱንም ሳትደብቁ ተናገሩ። ኩሺንግ መሰል ሰውነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከነዚህ ነው፣ ያን ጊዜ ዕጢ ፍለጋም አያስፈልግም። ብቻ የታዘዘላችሁን ስቴሮይድ ደግሞ በራሳችሁ ድንገት እንዳታቆሙ፣ እሱ ሌላ አደጋ ነው።

አንድ ደግሞ ማንም የማይጠይቃችሁ አለ፦ ባዮቲን። ኩሺንግ ፀጉር ያሳሳል፣ ፀጉራችን ሲሳሳ ደግሞ ባዮቲን ያለበት ቫይታሚን መግዛት ነው። ባዮቲን በአንዳንድ የላብራቶሪ ማሽኖች ላይ የሆርሞን ልኬትን ያዛባል። ከደም ምርመራ በፊት ስንት ቀን ማቆም እንዳለባችሁ ላብራቶሪውን ጠይቁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ ነው የእኔ ጉድ የተፈጠረው። ኤሲቲኤች በጣም በቀላሉ የሚበላሽ ሆርሞን ነው። ደሙ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር) ባለው ቲዩብ ተቀድቶ፣ ወዲያው በረዶ ውስጥ ገብቶ፣ በቀዝቃዛ ሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ፕላዝማው መለየት አለበት። የተቀዳሁበት ላብራቶሪ ውስጥ ግን ቲዩቤ ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያ ላይ ቆሞ ነበር። አይቼዋለሁ። ሰማያዊ የፕላስቲክ መደርደሪያ፣ ጥግ ላይ፣ ከጎኑ የነርሷ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። ያኔ ምን አውቄ።

ውጤቱ 4 ፒኮግራም በሚሊሊትር ሆኖ መጣ። ከ5 በታች ከሆነ "ችግሩ አድሬናል ነው" ማለት ነው፣ ከ20 በላይ ከሆነ ኤሲቲኤች አለበት፣ በመሃል ያለው አጠራጣሪ ነው። እኔ ከ5 በታች ሆንኩ። ሆዴ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ ግራ አድሬናሌ ላይ ትንሽ ጉብታ ተገኘች። በቃ፣ ሁሉም ነገር ገጠመ። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተያዘ። ደስ ብሎኝ ነበር! ቢያንስ ስም አገኘሁለት፣ ቢያንስ የሚወጣ ነገር አለ ብዬ።

ያዳነኝ የሁለተኛ ሐኪም ሐሳብ ነው። ቤተሰብ ወጥሮ ይዞኝ ሌላ የሆርሞን ስፔሻሊስት ጋ ሄድኩ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። ወረቀቶቼን አገላብጠው አዩና "ይሄ ቲዩብ በረዶ ውስጥ ነበር?" አሉኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "እንግዲያው ይሄ ቁጥር የለም ማለት ነው። እንደገና እንጀምራለን።" ሲቲው ላይ ስለታየችው ጉብታም፣ እንዲህ ያለ ምንም የማይሠራ የአድሬናል ጉብታ ብዙ ጤነኛ አዋቂዎች ላይ በአጋጣሚ እንደሚገኝ አስረዱኝ። በትክክል ተይዞ ሲደገም ኤሲቲኤቼ 46 ሆነ። ሌላ ቀን ሲደገም 51። አድሬናሌ ታዛዥ እንጂ አዛዥ አልነበረም።

ስለዚህ ኤሲቲኤች ስትለኩ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት "በረዶ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አታፍሩ። ቢቆጡም ይቆጡ። ከሌሎቹ ምርመራዎች ጋር የማይሄድ አንድ ቁጥር ከመጣ ደግሞ፣ በተለይ ቀጥሎ ያለው ቀዶ ሕክምና ከሆነ፣ ይደገምልኝ ማለት መብታችሁ ነው።

ከዚያ የፒቱታሪ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ፒቱታሪ ከአፍንጫ ጀርባ፣ አንጎል ሥር የተቀመጠች የአተር ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ኩሺንግ የሚያመጣው ዕጢ ደግሞ እሷ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ሆኖ ሊደበቅ ይችላል። የእኔ ኤምአርአይ "ንጹህ ነው" ተባለ። ከደስታ ይልቅ ተስፋ መቁረጥ ነው የተሰማኝ። በኋላ እንደተረዳሁት በፒቱታሪ ዕጢ ምክንያት ኩሺንግ ካለባቸው ሰዎች ቀላል የማይባሉት ላይ ዕጢው በኤምአርአይ አይታይም። ወጥመዱ በሌላ በኩልም አለ፦ ከአሥር ጤነኛ ሰው አንዱ ገደማ ፒቱታሪው ላይ ምንም የማያደርግ ትንሽ ነጥብ ይታይበታል። ስለዚህ አለመታየቱም መታየቱም ብቻውን አይበቃም። ባሁኑ ጊዜ ባለሙያዎች የሚስማሙበት፣ 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ዕጢ በግልጽ ከታየ የደም ናሙናው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ከ6 በታች ከሆነ ወይም ምንም ካልታየ ያስፈልጋል፤ በመሃል ያለው ላይ ሐኪሞች ይለያያሉ።

ናሙናው የሚሠራበት አመክንዮ ቀላል ነው። ከፒቱታሪ የሚወጣው ደም በግራና በቀኝ ወርዶ ፔትሮሳል ሳይነስ በሚባሉት ሁለት ደም መላሾች ያልፋል፣ ከዚያ ነው ወደ አንገት ወርዶ ከሌላው ደም ጋር የሚቀላቀለው። ኤሲቲኤቹ የሚመነጨው ፒቱታሪ ውስጥ ከሆነ እዚያ መውጫው ላይ ያለው ደም ከክንድ ደም ይልቅ በጣም የበዛ ኤሲቲኤች ይኖረዋል። ከሳንባ ወይም ከቆሽት (ፓንክሪያስ) አካባቢ ካለ ዕጢ ከሆነ ግን ልዩነት አይኖርም። በሽታው በስሙ የተጠራለት ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1932 ስለ በሽታው ሲጽፍ ይህን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። በ1991 ኤድዋርድ ኦልድፊልድና ባልደረቦቹ 281 ታማሚዎች ላይ የሠሩት ጥናት ነው አሁን የምንለካበትን መስፈርት ያጸናው (ሁለቱም ዓመቶች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

አንድ ነገር ግን አስምሩበት። ይህ ምርመራ ኩሺንግ እንዳለባችሁ አያረጋግጥም። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ኤሲቲኤቹ የሚመጣው ከፒቱታሪ ስለሆነ ያው ልዩነት ይታይበታል። ትርጉም የሚኖረው ኮርቲሶላችሁ በዚያ ሰሞን ከፍ ብሎ፣ ጤነኞቹን የፒቱታሪ ሴሎች ጸጥ ካሰኛቸው ብቻ ነው። በሽታው አንዳንድ ሰው ላይ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ኮርቲሶል የሚያወርድ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኬቶኮናዞል ወይም ሜቲራፖን፣ ላይ ያለ ሰውም ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል ሐኪሙ መቼ መቆም እንዳለበት ይወስናል።

እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሁሉን አዘጋጅቼ፣ ፈቃድ ወስጄ፣ ከምርመራው በፊት የሰጠሁት የሌሊት ምራቅ ውጤቱ ደህና ሆኖ መጣ። "ተሰርዟል" አሉኝ። ተናድጄ አለቀስኩ። ወር እንኳ ሳይሞላ ፊቴ እንደገና ሲነፋ፣ ግፊቴ ሲወጣ ራሳቸው ደወሉ፣ ምራቁ ሲለካ ሰማይ ነክቷል፣ ወዲያው አስገቡኝ። ያኔ ዝም ብለው ቢሠሩት ኖሮ የወጣው ቁጥር ከንቱ ነበር። የእናንተ ሐኪም ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ኮርቲሶል ካላስለካችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

የምርመራው ቀን። ፆም ውላችሁ ትገባላችሁ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ካልሲ ይፈቀድ እንደሆን ጠይቁ። ሙሉ ማደንዘዣ አልተሰጠኝም፣ የሚያረጋጋ ነገር ትንሽ በደም ሥር፣ ብሽሽቴ ላይ በሁለቱም በኩል የሚያደነዝዝ መርፌ። ያ መርፌ ያቃጥላል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ግፊት ብቻ ነው። ቀጫጭን ካቴተሮች በሁለቱም በኩል ገብተው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሐኪሙ በራጅ ስክሪን እያየ ይመራቸዋል። ልብ አካባቢ ሲያልፉ ምንም አልተሰማኝም። ጆሮዬ ጋ ሲደርሱ ግን ውስጥ ለውስጥ ሿ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከጆሮዬ ጀርባም የመወጠር ስሜት። ቀድመው ባይነግሩኝ እደነግጥ ነበር። የማየት ብዥታ፣ መደንዘዝ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከተሰማሽ ቶሎ ተናገሪ ብለውኛል። ስትሮክን የመሰለ ከባድ ጉዳት በጣም አልፎ አልፎም ቢሆን ስለሚያጋጥም ነው። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ግን ብሽሽት ላይ ደም መቋጠር ነው። ደም እንዳይረጋም ሄፓሪን ይሰጣሉ።

ከዚያ ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ ነርስ ሰዓት ይዛ ቆመች። ከግራ፣ ከቀኝና ከክንድ እኩል በአንድ ጊዜ ነው የሚቀዳው። ከጎኔ በረዶ የሞላበት ትሪ አለ፣ ቲዩቦቹ ላይ በስክሪፕቶ "ግ"፣ "ቀ"፣ "ክ" ተብሎ ከነደቂቃው ተጽፏል። መጀመሪያ ያለ መድኃኒት ቀዱ። ከዚያ ዴስሞፕሬሲን፣ ዕጢው ኤሲቲኤች እንዲያፈስ የሚቀሰቅስ መድኃኒት፣ በደም ሥር ሰጡኝ፣ ፊቴ ጋለ፣ ልቤ ፈጠን አለ። በሦስተኛው፣ በአምስተኛውና በአሥረኛው ደቂቃ ደግመው ቀዱ። ነርሷ "አሁን!" ባለች ቁጥር ሦስት ሰው አንድ ላይ ይስባል። እኔ ዓይኔ በረዶው ላይ ነበር። አይፈረድብኝም።

ካቴተሮቹ ከወጡ በኋላ ብሽሽት ላይ ለረጅም ጊዜ በእጅ ይጫኑታል፣ ለሰዓታትም እግር ሳይታጠፍ በጀርባ መተኛት ነው። ስታስሉ ወይ ስትስቁ ቦታውን በእጃችሁ ያዙ። ኩሺንግ ያለበት ቆዳ ስስ ስለሆነ እኔ እስከ ጭኔ ድረስ በልዞ ነበር፣ ቀስ እያለ ጠፋ። የሚያብጥ፣ የሚጠነክር ወይም የሚደማ ከሆነ ግን ወዲያው ተጣሩ። ሌላው፣ ዴስሞፕሬሲን ሰውነት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል። ለራጅ የሚሰጠው ቀለም ስላለ "ውሃ ጠጡ" የሚል ነርስ ይመጣል፣ ዴስሞፕሬሲን ከተሰጣችሁ ግን ስንት መጠጣት እንዳለባችሁ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትጠጡ። ውሃ ሲበዛ ሶዲየም ይወርዳል።

ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ ታነቡታላችሁ። ከሁለቱ ሳይነሶች የበለጠውን ወስዳችሁ በዚያው ደቂቃ ከክንድ ለተቀዳው አካፍሉት። ከመድኃኒቱ በፊት 2 እና በላይ፣ ወይም ከመድኃኒቱ በኋላ 3 እና በላይ ከሆነ ምንጩ ፒቱታሪ ነው። የእኔ በፊት ክንድ 44፣ ግራ 210፣ ቀኝ 70። ወደ 5 ገደማ። በአምስተኛው ደቂቃ ክንድ 60፣ ግራ 1,080። 18። ሐኪሟ ወረቀቱን አዙረው አሳዩኝና "አገኘነው" አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ልዩነቱ ባይወጣስ? ያኔም ወዲያው "ፒቱታሪ አይደለም" አይባልም። የአንዳንድ ሰው ደም ሥር ከተፈጥሮው ቀጭን ወይም የተለየ ነው፣ ካቴተሩም ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያው ናሙና ፕሮላክቲን (ፒቱታሪ የምታመርተው ሌላ ሆርሞን) አብሮ ከተለካ ይህን ማጣራት ይቻላል፤ የሳይነሱ ፕሮላክቲን ከክንዱ 1.8 እጥፍ ካልደረሰ የካቴተሩ ቦታ ያጠራጥራል። ከምርመራው በፊት "ፕሮላክቲንም ትለካላችሁ?" በሉ። ይህን ሥራ አዘውትሮ የሚሠራ ቡድን ጋ መሄድም ልዩነት አለው። ሁሉም ተጣርቶ ፒቱታሪ ካልሆነ ደግሞ ደረትና ሆድ በሲቲ፣ አንዳንዴም በፔት ስካን ይፈተሻል።

ግራና ቀኝን በተመለከተ ተስፋችሁን አታብዙ። ሁለቱ ጎኖች ቢያንስ 1.4 እጥፍ ከተበላለጡ ዕጢው በበለጠው በኩል ነው ይባላል፣ ግን ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ይስታል፣ ደሙ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላልና። የእኔ ግራው ሦስት እጥፍ ነበር። ቀዶ ሐኪሜ ግን "ሁለቱንም ጎን ነው የማየው" አሉኝ፣ ደግ አደረጉ። ዕጢው የተገኘው ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ብሎ ነው። "ግማሹን ፒቱታሪ በወረቀቱ መሠረት እናውጣ" የሚል ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ ሙሉውን ፈትሾ እንደሆነ ጠይቁት።

ቀዶ ሕክምናው በአፍንጫ በኩል ነው። ያን ያህል አያምም፣ በአፍ መተንፈሱ ነው የሚሰለቸው። አትናፈጡ፣ ሽንት ቤት በኃይል አትግፉ፣ ከአፍንጫችሁ ጨው ጨው የሚል ጥርት ያለ ውሃ ከወረደ ወዲያው ተናገሩ። ከልክ ያለፈ ጥማትና ሽንትም እንዲሁ። ከሳምንት በኋላ አካባቢ ሶዲየም ሊወርድ ስለሚችል የዚያን ጊዜ የደም ምርመራ አትዝለሉ።

ኮርቲሶሌ ወለል ድረስ ወረደ። የተሳካለት ምልክት ይኸው ነው። ሰውነቱ ግን ይህን የምሥራች አይሰማም። መገጣጠሚያዬ ሁሉ ይቆረጥመኝ ነበር፣ ቆዳዬ ተላጠ፣ ከበሽታው ጊዜ የባሰ ደክሞኝ አልጋ ላይ ዋልኩ። ጤነኞቹ ሴሎች እስኪነቁ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይፈጃል፣ እስከዚያ የጎደለውን ኮርቲሶል የሚተካ ሃይድሮኮርቲሶን ትውጣላችሁ። ትኩሳት ሲኖር መጠኑ ይጨመራል፣ ካስታወካችሁና ክኒኑ ካልቆየ መርፌ ያስፈልጋል፣ ይህ ጊዜ የማይሰጥ ድንገተኛ አደጋ ነው። መጠኑን ከሐኪማችሁ በጽሑፍ ተቀብላችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩት፣ አብሯችሁ የሚኖር ሰውም መርፌውን መውጋት ይልመድ። እኔ ቤት የሚወጋኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ደም ሲያይ ይደነግጣል፣ ግን ብርቱካን ላይ እየተለማመደ ቻለበት።

በሽታው ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል የሌሊት ምራቅ በየዓመቱ እሰጣለሁ። የደም ናሙናዬን ሙሉ ሰንጠረዥ፣ ከነደቂቃዎቹና ከነፕሮላክቲኑ፣ ኮፒ አድርጌ ይዣለሁ። ሆስፒታሎች ማጠቃለያውን ነው የሚሰጧችሁ፣ ሙሉውን ካልጠየቃችሁ አይመጣም። ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።